ሃርትቪግ ዓሣ ለዪው እና በዓይኑ ላይ የበቀለው ኖራ

በሰሜን ባሕር ዳር፣ ሆልምቪካ በምትባል መንደር፣ ሃርትቪግ የሚባል ዓሣ ለዪ ነበር። እዚያ ዓሣ የሚያጠምድ ሞልቷል፤ የሚያደርቅም ሞልቷል። የሚለይ ግን ጥቂት ነው። ሥራው ለሚያይ ሰው ቀላል ይመስላል። ከየካቲት እስከ ሰኔ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ነፋስ ያደረቀውን ዓሣ አንድ በአንድ ማንሣት፣ ማገላበጥ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ እንደ ደረጃው ከተለዩት ሃያ ክምሮች በአንዱ ላይ መጣል። በቃ ይኸው ነው። ነገር ግን አንገቱ ሥር ክር የምታህል ደም ያለችበት ዓሣ ከሌለችበት ጋር ከተደባለቀ፣ ወይም ውርጭ የመታው ከጤነኛው ጋር ከገባ፣ ከጣልያን የሚመጣው ገዢ ጭነቱን ያነሣል ብሎ ማሰብ የለም። የመንደሩ የብርድ ወራት ልፋት ሁሉ በለዪው ዓይን ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚቆየው።

ሃርትቪግ ይህን ሥራ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርቶታል። ከዚህ ሌላ የሚኮራበት ነገር አልነበረውም። ጀልባ ላይ ሲወጣ ያስመልሰዋል፤ በባሕር ሰዎች መንደር ይህ ምን ያህል እንደሚያሳፍር ያየ ያውቀዋል። ሰው በተሰበሰበበት ቃል አይወጣውም። እሱና ሚስቱ ሱልፍሪድ ልጅ የላቸውም። መጋዘን ገብቶ በጠረጴዛው ፊት ሲቆም ግን የጀልባ አለቆቹ ሳይቀሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «ሃርትቪግ ምን አለ?» ይባባላሉ። የመጋዘኑ ባለቤት ሂልማር ምን አለ የሚል አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው በስልሳ አንድ ዓመቱ፣ በሰኔ ነው። ዓሣው ከማድረቂያው ወርዶ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሃርትቪግ ዓሣ ያነሣና ያያል፤ ወደ ሻጋታው ክምር ይጥላል። ሌላ ያነሣል፤ ያንንም ወደዚያው ይጥላል።

«ዘንድሮ ምን ሆነ? ሁሉም ሻግቷል እኮ!» አለ።

ከጠረጴዛው ማዶ የምትለየው ጉንቮር ነበረች። ይህንን ሥራ ያስተማራት እሱ ራሱ ነው። አፏ አርፎ የማያውቅ፣ እጇ የማይደክም ሴት ናት። ከክምሩ ላይ አንዱን አነሣችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

«የቱ ነው የሻገተው?»

«የያዝሽው ነዋ።»

«ይሄ? ሃርትቪግ፣ ይሄ ዓሣ እኮ ከአንተ ጥርስ ይነጻል።»

«ጥርሴን ተዪውና ዓሣውን እዪ።»

«ስንት ቀርተውህ ነው የምተዋቸው?»

መጋዘኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሳቁ። ሃርትቪግም ፈገግ አለ፤ ግን ጉንቮር ዓሣውን አውራ ጣቷ ላይ አሻሽታ ጣቷን ስታሳየው ፈገግታው ደረቀ። ጣቷ ላይ ምንም ነገር አልነበረም። ሻጋታ ቢሆን ነጭ ዱቄት ይወጣ ነበር። ሌላም አሻሸች። ሌላም። ከዚያ አርባ የሚሆኑትን ዓሣዎች ከሻጋታው ክምር እያነሣች ወደየቦታቸው መለሰቻቸው። እሱ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ጓንቱን ሲያስተካክል ቆየ።

ያን ቀን ወደ ቤት ሲሄድ ተራራውን አየው። ተራራውም ሻግቷል። ባሕሩም። የጎረቤት በግም። በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ስስ ነጭ ነገር ነበረበት። ያኔ ነው የገባው። የታመመው ዓሣው ሳይሆን የእሱ ዓይን ነው።

ለሱልፍሪድ የነገራት በሦስተኛው ሳምንት ነው። መናገርም አይባል። ቁርስ ላይ ቢላዋ ፍለጋ ጠረጴዛውን ሲዳብስ አይታው ነው።

«ዓይንህ ምን ሆነ?»

«አሸዋ የገባበት ይመስለኛል። ይቆረቁረኛል።»

«ቀና በል እስቲ።»

አገጩን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። በዓይኑ መስታወት ላይ፣ በግራና በቀኝ፣ ግራጫ ነጭ ነገር ወጥቷል። በሐይቅ ላይ የሚጀምር በረዶ ይመስላል፤ እሱም ከሁለቱ ዳርቻ ተነሥቶ ነው ወደ መሐል የሚሄደው። መሐሉ ላይ ገና ጠባብ ጥርት ያለ ነገር ነበር።

«ሐኪም ቤት ትሄዳለህ» አለች።

«አልሄድም።»

«እንዴት አልሄድም?»

«ወሬው ከእኔ ቀድሞ መጋዘን ይገባል። ለዪው ዓይኑ ታመመ ከተባለ ገዢው አንድ ዓሣ አያምነኝም። ጠረጴዛውን ካጣሁ ምን ልሆን ነው? ቤት ቁጭ ብዬ ካልሲ ልጠርብልሽ ነው?»

«ካልሲ አይጠረብም፤ ይሠራል። እሱንም አታውቅም» አለችና ዕንባዋን ለመደበቅ ወደ ምድጃው ዞረች።

ሁለቱም የሚያውቁት አንድ የዓይን መድኃኒት ነበር። መድኃኒት ማለት ራሱ አይመጣላቸውም፤ የጉበት ዘይት ነው። በዚያ አገር ልጅ ጡት ሳይጥል የዓሣ ጉበት ዘይት በማንኪያ ይጠጣል፤ እስኪሞት ድረስም ይጠጣል። አጥንት ያጠነክራል፣ ዓይን ያበራል፣ በጨለማው ወራት ልብን ያጸናል ይባላል። የሱልፍሪድ አባት በሰማንያ ስምንት ዓመቱ ያለ መነጽር መረብ ይጠግን ነበር፤ «በዘይቱ ነው» ይሉ ነበር። ሃርትቪግ ደግሞ የሱቁን ዘይት ይንቃል። የሎሚ ሽታ ያለበትን የልጆች ነው ይላል። የእሱ ዘይት ከትኩስ ጉበት ራሱ በድስት ያወጣው፣ ምድር ቤት በጥቁር ጠርሙስ የተደረደረ፣ ወፍራም ቢጫ ዘይት ነበር።

«አንድ ማንኪያ አልበቃህም ማለት ነው» አለች ሱልፍሪድ። «ዕድሜህ ገፍቷል። ሁለት አድርገው።»

ሁለት አደረገው። በሳምንቱ ሦስት ሆነ። ከዚያ ማንኪያው ቀርቶ የቡና ስኒ መጣ። ጠዋት አንድ ስኒ፣ ከምሳ በኋላ ግማሽ። ሱልፍሪድ ትቀዳለታለች፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይጨልጠዋል፣ እሷ ቁራሽ ዳቦ ትሰጠዋለች። በየጠዋቱ ወደ መስኮቱ አዙራ ታየዋለች። ነጩ ነገር አልቀነሰም።

ሌላም ነገር መጣበት። ውኃ ይጠማዋል፤ አንድ ማንቆርቆሪያ ጨርሶም ይጠማዋል። ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱ ይከዳዋል። አጥንቱ ያመዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣና ወዲያው ደግሞ ያለ ምክንያት ያለቅሳል። «እርጅና ነው» አለ። «ዘይቱ ገና ወደ ዓይንህ አልደረሰም ማለት ነው» አለች። ጨመሩ።

መጋዘን ውስጥ ዘዴ ፈጠረ። በእጁ መለየት ጀመረ። ውርጭ የመታውን ተጭኖ ያውቀዋል፤ የተበላሸውን ያሸተዋል። ደምና ሻጋታ ግን ያለ ዓይን አይገኙም። ዓሣው ሁሉ ነጭ ሆኖ ስለሚታየው «ነጩ የእኔ ነው፣ የዓሣው አይደለም» ብሎ ለራሱ ወሰነ። ነጭ ባየ ቁጥር ንጹሕ ነው እያለ ወደ አንደኛ ደረጃው ክምር ይጥል ጀመር። ጉንቮር አንዳንድ ጊዜ ከክምሩ ሥር ሹልክ አድርጋ ታወጣለች። ሁሉን ግን ልታወጣ አትችልም፤ የራሷም ሥራ አለባት።

ነሐሴ ላይ ገዢው መጣ። እንደ ወትሮው ከላይ ሁለቱን አነሣ። ሁለተኛውን ወደ መስኮቱ ይዞ በጣቱ አሻሸው። ሦስተኛ አነሣ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ አንጠለጠለና ከክምሩ መሐል እጁን ሰድዶ ያወጣ ጀመር። መሬት ላይ አሰለፋቸው። እውነተኛ ሻጋታ ያለባቸው አሥራ ሰባት ዓሣዎች ከአንደኛ ደረጃው ክምር ወጡ። ገዢው አልጮኸም። ሃርትቪግን አየት አድርጎ ወደ መሬት አየ፤ ሰው በቀብር ላይ እንደሚያደርገው።

ሂልማር ሃርትቪግን ወደ ውጭ ወሰደው። ሂልማር ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ነገርን አዙሮ መናገር አይችልበትም።

«ታያለህ ወይስ አታይም?»

«አያለሁ።»

«ይሄ ስንት ነው?» ጣቱን አወጣ።

«ሂልማር፣ ልጅ አይደለሁም።»

«ልጅ ብትሆን ጥፊ አቅምሼህ ሐኪም ቤት እወስድህ ነበር። ስማኝ። እስከሚመጣው ሰኔ በቦታህ ሰው አላቆምም። ጉንቮር ብቻዋን ትወጣዋለች። ዓይንህን ይዘህ ና። ካልሆነ ግን፣ አንተ ታውቃለህ፣ ለገዢው የምለው የለኝም።»

ስለዚህ በመስከረም መጀመሪያ ሄደ። በመርከብ አራት ሰዓት ተጉዞ፣ መንገዱን ሁሉ ባልዲ ይዞ። በከተማው ሆስፒታል ያየችው የዓይን ሐኪም ራንዲ ትባላለች፤ ከደቡብ የመጣች፣ ወጣት፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር። አገጩን ማሽን ላይ አሳርፋ በደማቅ ብርሃን አየችው።

«ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነ፣ ሃርትቪግ?»

«ከሰኔ።»

«ከሰኔ አይደለም። ይሄ ዓመታት የፈጀ ነገር ነው። ማየት ያቃተህ ነው ከሰኔ። ካልሲየም ነው። ኖራ በለው፤ እንደ ግድግዳ ኖራ።»

«ኖራ? ማነው ዓይኔን ኖራ የቀባኝ?»

«ደምህ ነው» አለችው። አልሳቀችም።

ደሙ ከተመረመረ በኋላ አስረዳችው። አንገታችን ውስጥ፣ ከእንቅርት እጢ ኋላ፣ ምስር የሚያካክሉ አራት ትንንሽ እጢዎች አሉ። ሆርሞን እየላኩ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ይጠብቃሉ። የእሱ አንደኛው አብጦ ያለ ልክ ይልካል። አጥንቱን እየፈታ ወደ ደሙ ይደፋዋል። ደሙ ሲሞላ ደግሞ ካልሲየሙ ሄዶ የሚያርፍበት ይፈልጋል፤ ኩላሊት ውስጥ፣ ዓይን መስታወት ላይ። ጥማቱም፣ ድካሙም፣ ለቅሶውም ከዚያው ነው።

«ይወጣል?» አለ። ሊጠይቅ የመጣው ይህንን ብቻ ነበር።

«መጀመሪያ አንገትህ ይቀደዳል፣ ያበጠው ይወጣል። ደምህ ሲረጋጋ ዓይንህን እፍቅልሃለሁ። ደምህ ሳይረጋጋ ብፍቀው ተመልሶ ይመጣል። ለቀዶ ጥገናው ተራ አለ። እስከዚያ ውኃ ጠጣ፣ ወተትና አይብ ተው። የምትወስደው መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

«ምንም?»

«እኔ መድኃኒት ወስጄ አላውቅም።»

«ቫይታሚንስ?»

«እኔን? የከተማ ሴት መሰልኩሽ?»

አሁን ሳቀች። «የለም» ብላ ጻፈች። እሱም አልዋሸም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ዘይት መድኃኒት ነው ያለው ሰው አጋጥሞት አያውቅም። ዳቦ ትበላለህ ወይ ብትለው እንጂ መድኃኒት ስትለው ዘይቱ በሐሳቡም አልመጣም።

ቤቱ ገብቶ የተባለውን ሁሉ አደረገ። ወተት ተወ። ከልጅነቱ ጀምሮ ዳቦው ላይ የሚያደርገውን ቡናማ አይብ ተወ። ሱልፍሪድ አይቡን ከቤት አውጥታ ለጎረቤት ሰጠች፤ እንዳያምረው። ከዚያ ተጨነቀች።

«ወተት ከተውክ፣ አይብ ከተውክ ጉልበት ከየት ታመጣለህ? ከቀዶ ጥገናው በፊት መጠንከር አለብህ።»

«ምን ላድርግ?»

«ዘይቱ አለ አይደል?»

ስኒውን ሞልታ ቀዳችለት።

መስከረም፣ ጥቅምት አለፈ። የቀዶ ጥገናው ደብዳቤ አልመጣም። ኅዳር ላይ ፀሐይ ከተራራው ኋላ ገብታ እስከ ጥር ላትወጣ ስትቀር ሃርትቪግ ጨለማው የአገሩ ይሁን የራሱ አልለይ አለው። እኩለ ቀን ላይ ሌላው ሰው በሰማዩ ዳር ያለውን ሰማያዊ ብርሃን እያየ ሥራውን ይሠራል፤ እሱ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ አምፖሉን «አብሪው» ይላል።

«በርቷል» ትላለች ሱልፍሪድ።

«አላበራሽውም።»

«ሃርትቪግ፣ በርቷል።»

የኩላሊት ጠጠር ያዘው። ሁለት ቀን በወለሉ ላይ ተንፈራገጠ። ጠጠሩ ሲወጣ ሱልፍሪድ በጨርቅ ያዘችው፤ እንደ አሸዋ ፍሬ ነበር። «ይኸው ወጣ፣ ካልሲየሙ መውጣት ጀመረ» ብላ ደስ አላት። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተናገረም። ግድግዳውን ፊት ለፊት አድርጎ ይቀመጣል። ጉንቮር አንድ ቀን ልትጠይቀው መጣች፤ ከመጋዘን አንድ ደረቅ ዓሣ ይዛለት።

«ይኸው አመጣሁልህ፣ አንተ የዓሣ ራስ። የየትኛው ክምር ነው? ንገረኝ እስቲ!»

ልታጫውተው ነበር። ተቀብሎ ዳበሰው። አፍንጫው ላይ አደረገው። ወደ አምፖሉ ከፍ አደረገው። ከዚያ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እጁን እላዩ ላይ ጣለ። ጉንቮር ጓንቷን ስታጥፍና ስትዘረጋ ቆይታ፣ «በል እኔ ልሂድ፣ በረዶ መጣ» አለች። በረዶ አልመጣም ነበር።

ጥር አጋማሽ ላይ ፀሐይዋ ትመለሳለች። ያን ቀን መንደሩ ሁሉ ከቤት ወጥቶ በወደቡ ላይ ይቆማል፤ ልጆች ጣፋጭ ዳቦ ይበላሉ፤ ፀሐይዋ ለአምስት ደቂቃ ያህል በሁለት ተራራ መሐል ብቅ ትልና ትጠፋለች። ሱልፍሪድ እጁን ይዛ አወጣችው። ሰው «ወጣች! ወጣች!» ብሎ ሲጮህ ሃርትቪግ ፊቱን ወዳልሆነ ቦታ አድርጎ ቆሞ ነበር። ፊቱ ላይ ሙቀት ሲሰማው ዞረ። የታየው ነጭ ግድግዳ ነው። ግድግዳው በሁሉም በኩል እኩል ያበራል፤ ዓይኑን እንደ መርፌ ወጋው። በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ እዚያው በረዶው ላይ ተንበረከከ።

«ውሰጂኝ» አለ። «ወደየትም ውሰጂኝ። ከዚህ ብቻ ውሰጂኝ።»

በማግስቱ ጠዋት የሚስቱ ስም ጠፋው። እናቱን እየጠራ ያስመልስ ጀመር። የሕመምተኛ ጀልባ መጥታ ወሰደችው።

በሆስፒታሉ ደሙ ሲታይ ካልሲየሙ ከመስከረሙ በእጅጉ በልጦ ተገኘ። ሐኪሞቹ ግራ ገባቸው። የታመመ እጢ ይጨምራል፤ እንዲህ ግን አይዘልም። በመርፌ ውኃ አስገቡለት፤ ወረደ። በአራተኛው ቀን ራሱን አወቀ፤ የሚስቱንም ስም ጠራ። ሱልፍሪድ መጥታ ከጎኑ ስትቀመጥ ፊቱ ከሳምንት በፊት ከነበረው ይሻል ነበር። ደስ ብሏት ቦርሳዋን ከፈተች። ካልሲ፣ የውስጥ ልብስ፣ መላጫ፣ ከዚያም በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥቁር ጠርሙስ አወጣች።

«የሆስፒታል ምግብ ምን ጉልበት አለው ብዬ» አለች።

ስኒ አልነበረም። የውኃ ብርጭቆውን ደፍታ ቀዳችለት። ሊጠጣ አፉ ላይ ሲያደርገው ራንዲ ልታየው ገባች።

«ምንድን ነው የምትጠጣው?»

«ዘይት ነው።»

«የምን ዘይት?»

«የጉበት ዘይት ነዋ። የራሱ ሥራ ነው፤ ከሱቅ አይደለም» አለች ሱልፍሪድ በኩራት። «ትቀምሺያለሽ?»

ራንዲ ብርጭቆውን ከእጁ ወሰደች። አሸተተችው። ድምፅዋ ዝግ አለ።

«ስንት ነው የሚጠጣው?»

«አሁን ሁለት ስኒ ነው። መጀመሪያ አንድ ማንኪያ ነበር። ዓይኑ ሲደክም እየጨመርን መጣን።»

«ከመቼ?»

«ከሰኔ።»

ራንዲ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዘይቱ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ካልሲየምን ከምግብ እየሳበ ወደ ደም እንደሚያስገባ፣ ለጤነኛ ሰው በማንኪያ መልካም እንደሆነ፣ እጢው ለታመመ ሰው ግን በስኒ ሲሆን በእሳት ላይ እሳት እንደ መጨመር መሆኑን ነገረቻቸው። ቀስ ብላ ነው የነገረቻቸው። ሱልፍሪድ መጀመሪያ አልገባትም። ጠርሙሱን ታቅፋ «ግን እኮ ወተቱን ትቷል፤ አይቡንም ሰጥቼዋለሁ» ትላለች። ከዚያ ገባት።

«እኔ ነኝ የቀዳሁለት» አለች። «በየጠዋቱ። በገዛ እጄ።»

«ጠይቄው ነበር» አለች ራንዲ። «ግን እንደ ከተማ ሰው ጠየቅሁት። ጥፋቱ የእኔም ነው።»

ሃርትቪግ በነጩ ውስጥ የሚስቱን ልቅሶ ይሰማል፤ ፊቷን አያይም። እጁን ዘርግቶ ፈለጋት። ያገኘው ጠርሙሱን ነው። ከእቅፏ አውጥቶ ለሐኪሟ ሰጣትና እጁን እንደገና ዘረጋ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቶሎ ሆነ። በየካቲት አንገቱ ተቀዶ ያበጠው እጢ ወጣ፤ አደንጓሬ ያህል ነበር። ደሙ ተረጋጋ። ጥማቱ ቆመ። ራሱን በሁሉም ነገር እንደ ሌላ ሰው አገኘው፤ ማልቀሱ ቀረ፤ ሆዱ ተፈታ። ኩላሊቱ ግን እኩሌታው ሞቷል አሉት። ሚያዝያ ላይ ራንዲ ቀኝ ዓይኑን በጠብታ አደንዝዛ ላዩን ፋቀችው፤ ኖራውን የሚያሟሟ ውኃ አድርጋ በጥጥ ጠረገችው። ሦስት ቀን ምላጭ ዓይኑ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ተሠቃየ። በአራተኛው ቀን ፋሻው ሲነሣ የሐኪሟን ፊት አየ። ጠቃጠቆ ያለባት መሆኗን እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር።

«ግራውስ?» አለ።

«ግራው ጠልቆ ገብቷል። ጠባሳ ጥሏል። ከዚያ ብዙ አትጠብቅ» አለች። «ቀኙም ላዩ ጠርቷል እንጂ እንደ ድሮው ጥርት አይልም። ሰውን ታያለህ፣ መንገድ ታያለህ፣ ጋዜጣ በትልቅ ፊደል ታነባለህ።»

«ክር የምታህል ደም አያለሁ?»

የምን ደም እንደሆነ አልገባትም። ሊያስረዳት ጀምሮ ተወው።

ሰኔ መጣ። ሃርትቪግ ጠዋት ተላጭቶ፣ ሱልፍሪድ ያጠበችለትን ካፖርት ለብሶ መጋዘን ሄደ። ሂልማር ቃሉን ጠብቋል፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ሰዎቹ «እንኳን መጣህ» አሉት፤ ጀርባውን መቱት። ጉንቮር «ዓይንህ ከበፊቱ አምሯል፤ አሁን ሴት ታይሃለች» አለችው።

«አሥር ልለይ» አለ። «ከዚያ አንቺ ታዪያለሽ።»

«ምኑን አያለሁ? ሥራህን ሥራ።»

«እዪልኝ ነው የምልሽ።»

አንሥቶ አገላበጠ። ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገ። ዓሣው ታየው፤ ቀጥ ያለው ጀርባ፣ ቆዳው፣ ጅራቱ። ነጩ መጋረጃ የለም። ጣለው። ሌላ አነሣ። አሥሩን ጨረሰና ከጠረጴዛው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ጉንቮር በየክምሩ ዞራ አሥሩን አንሥታ አየች። አንዱን ወደ መስኮቱ ይዛ ቆየች። መልሳ አስቀመጠችው።

«ስንቱን ሳትኩ?»

«ጥሩ ነው።»

«ጉንቮር፣ ስንት?»

«ሦስት» አለች። «ደም ነው ሦስቱም። ትንሽ ትንሽ ደም። እኔም ልስተው እችል ነበር።»

«አንቺ አትስቺውም። እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ።»

ሂልማር ጉሮሮውን ጠረገ። «ገና የመጀመሪያ ቀን ነው፣ ሃርትቪግ። እጅህ ይፍታታ። ነገ...»

«ከአሥር ሦስት ነው፣ ሂልማር። ከሺህ ስንት እንደሚሆን አንተ አስበው። ገዢው መሬት ላይ ሲያሰልፋቸው አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛ አላይም።»

ሃርትቪግ ሦስቱን ዓሣዎች አንድ በአንድ ተቀብሎ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዓይኑ አስጠግቶ ፈለገ። ጉንቮር በጣቷ ጫፍ «እዚህ ጋ» አለችው። በጣቷ ሥር ያለውን አየ። የታየው ዓሣ ብቻ ነው።

«በመስኮቱ በኩል ቁሚ» አላት። «ብርሃኑ በዚህ በኩል ይሻላል።»

ጉንቮር አልተንቀሳቀሰችም። እጇን ይዞ አዞራትና በቦታው አቆማት። እሷም ዓሣ አንሥታ ሥራዋን ጀመረች፤ ምን ታድርግ፣ የዓመቱ ዓሣ በሙሉ ከበር እስከ ጣሪያ ተከምሮ ይጠብቃል።

ሃርትቪግ እዚያው ቆመ። በዚያ መጋዘን ከጠረጴዛው ሌላ የት እንደሚቆም አያውቅም ነበር። ዓሣ የጫነ ጋሪ ሲመጣ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። እዚያም ጆንያ የሚያነሡ ሰዎች መጡ፤ «ይቅርታ» ብሎ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ላይም መንገድ ዘጋ። ወጪና ገቢው ሰው ሁሉ በጨዋነት ትንሽ ቆም እያለ እስኪያሳልፈው ይጠብቀዋል፤ እሱም ለእያንዳንዱ «ይቅርታ» እያለ፣ ቆቡን በእጁ እንደያዘ፣ ወዲያና ወዲህ ገለል ይላል።